አበልጄና የህሊና ፊደል

የ«መ» ዓይኖች መደፈናቸውን ያየሁት ታፔላው ተሰቅሎ፣ ጎረቤት ሁሉ መርቆኝ፣ ምስማሩም መዛግ ከጀመረ በኋላ ነው። ጠዋት የሱፍ ብርድ ልብስና ካባ የምሸጥበትን ሱቄን ከፍቼ ደጁን ስጠርግ ቀና አልኩ። «ንጋቷ የባናና የበርኖስ መሸጫ» ይላል። ፊደሎቹ ወፋፍራምና ረጃጅም ናቸው፤ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ቆመዋል። የሠራቻቸው ልጄ ህሊና ናት። «መሸጫ» የሚለው ላይ ስደርስ ግን የ«መ» ሁለት ክብ ክፍተቶች የሉም። በጭቃ የተመረጉ መስኮቶች መስለዋል።

መጀመሪያ ዓይኔ ነው ብዬ ደነገጥኩ። እናቴን ዓይኗን የጀመራት በኔ ዕድሜ ነው፤ ስለዚህ ዕውር ልሆን ነው፣ ሱቁን ማን ይጠብቃል፣ ህሊናን ማን ይድርልኛል እያልኩ መጥረጊያዬን ይዤ ቆምኩ። ከዚያ ዞር ብዬ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ታፔላ አየሁ። «ፍቅርተ ማተሚያና ማስታወቂያ»። እዚያ ያለው «ማ» ሁለቱንም ዓይኖቹን ገልጦ ቁልጭ ብሎ ያየኛል። እንግዲህ ዓይኔ ደህና ነው። ህሊና ለእናቷ ሙከራውን፣ ለሷ የተጣራውን ነው የሰጠችው።

«እሷ» የምላት ፍቅርተማርያም አበልጄ ናት። ህሊናን ክርስትና ያነሳቻት እሷ ናት። ማንም አላስገደደኝም፤ ራሴ መርጬ ነው። ሁለት ወንዶች ልጆች አሏት፤ ሁለቱም ጭነት መኪና ይዘው ሩቅ አገር ይመላለሳሉ። ሴት ልጅ የላትም። ይህን ያን ጊዜ አላሰብኩትም። አሁን ግን ሌላ የማስበው ነገር የለኝም።

ህሊና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷ ዩኒቨርሲቲ ሳያስገባት ሲቀር፣ ወይ ዓረብ አገር ትሄዳለች፣ ወይ ታምማ ትተኛለች ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። አባቷ አየለ ካረፈ ወዲህ እኔና እሷ ብቻ ነን። ያኔ ፍቅርተማርያም «እኔ ጋ ትምጣና ኮምፒውተር ትልመድ» አለች። እግሯ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። አሁን ሳስበው ለካ እዚያው እግሯ ሥር ልጄን አስቀምጬ ነው የተመለስኩት።

የደብረ ብርሃን ሱቅ ግንባሩ ጠባብ ነው። ግማሹ ኮንቴነር ነው፤ ግማሹ አንድ ቤት ለሦስት ተከፍሎ የወጣ ነው። የሰዉ ስም ደግሞ ረጅም ነው። «ተክለጊዮርጊስና ልጆቹ የቤትና የቢሮ ዕቃዎች» የሚል ጽሑፍ በአንዲት በር ስፋት ላይ አስገባ ቢባል፣ የተለመደው ፊደል ሰፊ ስለሆነ ወይ ስሙ ይቆረጣል ወይ ፊደሉ ጉንዳን አክሎ ቁጭ ይላል። ባለሱቆቹ ታፔላ አሠርተው ሲያበቁ «ከመንገድ አይታይም» እያሉ መጥተው ይጨቃጨቁ ነበር። ህሊና ከዚህ ጭቅጭቅ ተነስታ ነው የራሷን ፊደል መሣል የጀመረችው። ጠበብ፣ ረዘም፣ ወፈር ያለ፤ ባጃጅ ላይ ሆኖ እያለፉ የሚነበብ።

ቀላል ሥራ አልነበረም። ማታ ማታ የሒሳብ ደብተር ላይ ስትሥል አያት ነበር። ፊደል ሲወፍርና ሲጠብ ክፍተቱ ይጠፋል፤ «ጠ» ሦስት እግሩ ተጣብቆ ግንድ ይሆናል። የመካከለኛውን እግር ከዳርና ከዳር ካሉት አቀጠነችው። ስለካው ቀጭን ነው፤ ሳየው ግን እኩል ነው። እግርና ራስ የሚገናኙበትን ቦታ ደግሞ ቀለም እንዳይጠራቀም ብላ ከውስጥ ትንሽ ፋቅ ታደርገዋለች። «ለምን?» ስላት «ከሩቅ እንዲተነፍስ ነው እማዬ» አለችኝ።

እሱባለው የሚባል የሰፈራችን ባለ ባጃጅ መጀመሪያ ሲያያቸው ሳቀ። «እትዬ ንጋቷ፣ የህሊና ፊደሎች ከኋላ ወንበሬ ላይ እንደማሳፍራቸው ሰዎች ናቸው። ይጠጋጋሉ እንጂ አንዱም አይወርድም!» እኔ ወዲያው የመጣብኝ ትርፍ ጫንክ ብሎ የሚቀጣው ትራፊክ ፖሊስ ነው።

ከተማው ግን ወደዳቸው። ጸጉር ቤቱ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ የእህል መደብሩ፣ ሁሉም «የህሊና ፊደል ይሁንልኝ» ማለት ጀመረ። እኔ ከእያንዳንዱ ታፔላ ሥር ሳልፍ፣ የኔ ዕድል ሆኖ ንፋሱ የሚገነጥለውና ሰው አናት ላይ የሚጥለው ይሄኛው ነው እላለሁ። እንደዚያም ሆኖ እኮራ ነበር። የ«መ» ዓይን ተደፍኖ እስካየሁ ድረስ።

መጥረጊያውን ጥዬ መንገዱን ተሻገርኩ።

ማተሚያው ውስጥ ሁለቱም አንድ ኮምፒውተር ላይ ተደፍተዋል። ራሳቸው ሊነካካ ምንም አልቀረው። ፍቅርተማርያም የራሷን ፎጣ አውልቃ ህሊና ትከሻ ላይ ጣል አድርጋላታለች። ብርድ ነው፤ አውቃለሁ። ግን እኔ ባናና በርኖስ የምሸጥ ሴት ነኝ፤ ልጄ በሰው ፎጣ ትሙቅ?

«እማዬ! በሰላም ነው? ሱቁን ለማን ትተሽ መጣሽ?» አለች ህሊና።

«ለእግዜር። የኔ ‹መ› ለምን ታወረ?»

ሳቀች። «አየሽው እንዴ? እኔ እኮ አሁን ታየኛለች፣ አሁን ታየኛለች እያልኩ ነበር። ያ የመጀመሪያው ነው። ሲታተም ቀለሙ እንደሚሰፋ ያኔ አላወቅኩም። እቀይርልሻለሁ።»

«ነይ ተቀመጪ አበልጄ» አለች ፍቅርተማርያም፣ ወንበር እየሳበች። «ልጃችን አንቺን ነው ያስቀደመችው። የመጀመሪያው ታፔላ እኮ ያንቺ ነው።»

«በኔ ላይ ተለማመደች በይኛ።»

«ታዲያ በማን ላይ ትለማመድ? በእናት ላይ ነዋ!»

ልጃችን። የኔን ልጅ! ተቀመጥኩ። መነሳት ነበረብኝ፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ የሰማሁት የከፋ ነበር። አንድ የአዲስ አበባ መጽሔት የህሊናን ፊደል ለርእሶቹ ሊጠቀምበት ፈልጓል። ፊደሉ ግን ገና አላለቀም፤ ያልተሣሉ አሉ፣ ያልተስተካከሉ አሉ። ሥራው ብዙ ነው፤ ቀን ደግሞ የደንበኛ ባነር አለ።

«ስለዚህ» አለች አበልጄ፣ እጇን ህሊና ትከሻ ላይ አድርጋ፣ «እኔ ቤት ያለችውን የውጭዋን ክፍል አስጸድቻታለሁ። አልጋም አስገብቻለሁ። እኔ ጋ መብራት እንደናንተ ሰፈር ቶሎ ቶሎ አይጠፋም። እዚያ ብትከርም፣ በምሽት ስትመላለስ ከምንሳቀቅ ይሻላል ብዬ ነው።»

ህሊናን አየኋት። «እምቢ» ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። ዝም ብላ ማውሱን አንቀሳቀሰች።

«እናስብበታለን» ብዬ ወጣሁ። ምን የሚታሰብ ነገር አለው? ልጅ አንድ ጊዜ አልጋዋን ይዛ ከወጣች ወጣች ነው። ዛሬ ለሥራ፣ ነገ ለምሳ፣ ከነገ ወዲያ «እማዬ እሁድ እመጣለሁ»።

የካቲት ኪዳነ ምሕረት ስትደርስ ማኅበራችን ከአንኮበር ዝቅ ብላ ወዳለች አንዲት ደብር ጉዞ ይወጣል። አውቶቡሱ ጎን ላይ ባነር ይለጠፋል። የዘንድሮው አዘጋጅ እኔ ነበርኩ።

«እማ ፍቅርተ በነጻ ትሠራልናለች» አለችኝ ህሊና። እትዬ ፍቅርተ ትላት ነበር። መቼ «እማ» ሆነች?

«በነጻ አልፈልግም።»

«ለምን? ለማኅበሩ እኮ ነው።»

ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም። ፍቅርተማርያም በነጻ ሠርታ፣ እኔ ድግሱን ደግሼ፣ ምርቃቱ ለሷ ሊሆን ነው። እሷም የማኅበሩ አባል ናት፤ ከፊት ወንበር ተቀምጣ «ምን አደረግሁ ብላችሁ ነው» እያለች ልትሽኮረመም ነው። ይታየኛል።

ህሊና ጸጉሯን እየታጠበች ሳለ ፊደሉ ያለበትን ፍላሿን ከቦርሳዋ አወጣሁ። ተደብቄ አይደለም፤ በሩ ክፍት ነበር። ልጄ የሠራችው ፊደል ነው፤ እናቷ ነኝ። ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ወዳለው ወደ ዘርአ ዳዊት ማተሚያ ሄድኩ። ዘርአ ዳዊት ፍላሹን ሰክቶ ሲያየው ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ።

«እትዬ ንጋቷ! ይሄ የህሊና ፎንት አይደለም እንዴ?»

«ነው። ልጄ ናት።»

«ፈቅዳ ነው?»

«እናቷ ነኝ አልኩህ።»

«ካሉ እሺ» አለና እጁን ከማውሱ ላይ ሳያነሳ ጠጅ እንደቀረበለት ሰው ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ ደስ አላለኝም። ቆይቶ ይታተማል፣ ነገ ይደርሳል አለኝ፤ ፍላሹን ግን ያኔውኑ መለሰልኝ።

የጉዞው ቀን ማለዳ፣ ህሊና ጎህ ሳይቀድ ከቤት ወጥታ የፍቅርተማርያምን ድፎ ዳቦ ልትሸከምላት ሄደች። የኔን ድፎ ራሴው ተሸክሜ መጣሁ። አውቶቡሱ ቆሞ ባነሩን ከጎኑ አስረውለታል። «የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ጉዞ ወደ አንኮበር»። ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ወፍራም፣ ቀይ።

የማኅበሩ ታላቅ እማማ አመተ ማርያም በከዘራቸው እየጠቆሙ «እሰይ! እንዲህ ነው እንጂ! እኔ አሮጊቷ እንኳ ያለ መነጽር አየሁት። ማን ነው ያሠራው?» አሉ።

«እኔ ነኝ እማማ። የልጄ ፊደል ነው።»

«ይባርካት! የእናት ልጅ!»

በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ጊዜ ጥቂት ነው። ደስታው ባጃጅ እስኪቆም ብቻ ቆየ። ከእሱባለው ባጃጅ ሁለቱ ወረዱ፣ አንዷ ፊት አንዷ ኋላ፣ አንድ ዓይነት ነጠላ ለብሰው። ህሊና ድፎውን እንደተሸከመች ባነሩን አየችና ቀጥ ብላ ቆመች።

«ይሄን ማን ጎተተው?»

«ምኑን ልጄ?»

«ፊደሉን! ቦታው ስለተረፈው ወደ ጎን ለጥጦታል! እማዬ፣ ይሄ ፊደል እንዳይለጠጥ ነው እኮ ጠባብ አድርጌ የሠራሁት!» «ይሄ ደግሞ ያላለቀው ነው። ‹ኅ›ን ገና አልሣልኩትም፤ እዪው፣ ከሌላ ፊደል አምጥቶ ሰክቶበታል።»

እውነት ነው። «ማኅበር» ከሚለው መሐል አንዲት ቀጭንና ሰፊ «ኅ» ቆማለች፤ ቤት ተሳስታ ሠርግ የገባች እንግዳ ትመስላለች። የ«ማ»ም ዓይኖች ተደፍነዋል። ቅድም ይህን ሁሉ አላየሁም ነበር።

ፍቅርተማርያም ቀስ ብላ ተጠጋችኝ። «አበልጄ፣ ፍላሹን ለማን ሰጠሽው?»

«ለዘርአ ዳዊት።»

«ገልብጦታል?»

«ምን እሱ ድስት ነው የሚገለበጠው? ሰክቶ ነቀለው፣ አለቀ።»

አፏን በእጇ ያዘች። እኔ አውቶቡሱ ውስጥ ከገባን በኋላ ነው የገባኝ። ዘርአ ዳዊት አንድ ጊዜ ኮምፒውተሩ ላይ ከጫነው ለመጣ ለሄደው ያትምበታል። ከሱ ሌላው ይወስዳል። መጽሔቱ ሳይወጣ ዓይኑ የተደፈነው፣ ግማሹ የጎደለው ፊደል ከተማውን ይሞላል፤ ሰውም የህሊና ፊደል ማለት ያ ነው ይላል።

«ስሜ ነው እማዬ» አለች ህሊና፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ።

መንገዱ ወደ አንኮበር ሲቃረብ ከገደሉ ሥር ጉም ይነሳል። አንድ እጄ የፊቱን ወንበር ብረት ጨብጧል፤ ጆሮዬ ግን ከኋላዬ ነው። ፍቅርተማርያም ለህሊና በሹክሹክታ እያወራቻት ነው። ከዚያ ድምጿን ከፍ አደረገች፤ እኔም እንድሰማ።

«መፍትሔው አንድ ነው። ቶሎ መጨረስ። ያለቀው ቀድሞ ከወጣ ያላለቀውን ማንም አያየውም። ከዛሬ ማታ ጀምራ እኔ ጋ ትደር። ክፍሉ እንደሆነ ዝግጁ ነው።»

«አታድርም!»

አውቶቡሱ ሁሉ ዞረ። ሾፌሩ ሳይቀር በመስታወቱ አየኝ። «አንተ መንገድህን እይ፣ ገደል ነው!» ብዬ ጮህኩበት።

«ኧረ በኪዳነ ምሕረት!» አሉ እማማ አመተ ማርያም። «በጉዞ ላይ ጠብ?»

«ጠብ አይደለም እማማ። ልጄ ቤት አላት። ቤቷ ታድራለች።»

«እማዬ፣ ቤት ኮምፒውተር የለም» አለች ህሊና።

«ይምጣ!»

«ኮምፒውተር ብቻ አይበቃኝም። ስሠራው የዋልኩትን ፊደል ስህተቱን አላየውም። አትሜ የሚያይልኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

«እኔ አላይም?»

ህሊና ፊቷን መልሳ ወደ መስኮቱ አዞረች። ፍቅርተማርያም እንደ አስታማሚ ለስላሳ ሆና «አበልጄ፣ እኔ እንደሆንኩ ማታ ማታ እናንተ ቤት አልመጣ ነገር...» አለች።

«ነይ! ማን ከለከለሽ? ከነኮምፒውተርሽ ነይ!»

ያልኳት «ሂጂ ከዚያ» እንደሚባለው ነበር። ሆኖም ቃል ቃል ነው። እማማ አመተ ማርያም ከዘራቸውን አንስተው «እልልልል!» አሉ። «አያችሁ? ንጋቷ አበልጇን ቤቷ ጠራቻት! እንዲህ ነው የማኅበር ልጅ!» አውቶቡሱ በሙሉ ተቀበላቸው። እልልታው እስከ ደብሩ በር አላባራም። በኪዳነ ምሕረት ቀን፣ በእልልታ የታተመ ግብዣ ማን ይሽራል? ህሊና ከመስኮቱ ዞር ብላ አየችኝ፤ ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ አልለየሁትም።

ደብሩ ስደርስ ኮምፒውተሩ እንዲሰበር ጸለይኩ። ወዲያው ደግሞ ቢሰበር «ንጋቷ ሰበረችው» እንደሚሉ ታወቀኝና ጸሎቴን መለስኩት።

በማግስቱ ማታ ፍቅርተማርያም በእሱባለው ባጃጅ መጣች። ኮምፒውተሩን በባና ጠቅልላ እንደ ሕፃን ታቅፋዋለች። ባናው ከኔ ሱቅ የተገዛ አልነበረም፤ ጠርዙን አይቼ አወቅኩት።

ከዚያ ወዲያ ቤቴ የነሱ ሆነ። ሳሎኔ ውስጥ የወረቀት ቁራጭ፣ የማጣበቂያ ሽታ፣ ሳቅ። የራት ሰዓት ሲደርስ ሦስታችን እንቀመጣለን፤ ህሊና የወጡን ድንች ለክርስትና እናቷ ስትገፋላት በዓይኔ እከተላለሁ። እኔም ለህሊና እገፋላታለሁ። አንድ ቀን «እማ!» ብላ ተጣራች፤ ሁለታችንም «ወይ!» አልን። ህሊና ከኮምፒውተሩ ቀና ሳትል «ሁለታችሁም» አለች።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። ህሊና ፊደሎቹን ማተሚያ ቤት ሰፊ ወረቀት ላይ አትማ ከግቢያችን ቆርቆሮ አጥር ላይ ትለጥፋለች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ፍቅርተማርያም በሩን አልፋ እስከ መብራት እንጨቱ ድረስ ትሄድና ከዚያ ሆና ታነባለች። የተሳሳተችውን ፊደል ህሊና ትመዘግባለች፤ ማታ ታስተካክለዋለች።

እኔ በረንዳው ላይ ቆሜ ምስር ስለቅም ይህን ሳይ አላስቻለኝም። ሰፌዱን አስቀምጬ ከመብራት እንጨቱ አልፌ፣ ከሚቀጥለው እንጨት ደርሼ ዞርኩ።

«ጣርማ በር! ደነባ! ኪዳነምሕረት!» ብዬ የተለጠፉትን የአገር ስሞች ከዚያ ጮህኩ።

«እማዬ! ከዚያ ድረስ ይታይሻል?»

«ቁልጭ ብሎ!»

አልታየኝም። ጥላውን ብቻ ነበር የማየው፤ ግን ጠዋት ኮምፒውተሩ ላይ ስትጽፍ ስሞቹን ስታነበንብ ሰምቻታለሁ። ፍቅርተማርያም በአድናቆት ራሷን ነቀነቀች። ያን ማታ ደህና እንቅልፍ ተኛሁ።

በማግስቱ አጥሩ ላይ ሌላ ጽሑፍ ተለጠፈ። ሄጄ እንጨቴ ሥር ቆምኩ። ወፍራም ነገር ተደርድሯል። የመጀመሪያው «ጠ» ይመስላል፣ ቀጥሎ «መ»።

«ጠላ መሸጫ!» አልኩ በሙሉ ልብ።

ፍቅርተማርያም ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ህሊናም ተንከተከተች። «እማዬ፣ ቃል አይደለም እኮ! ‹ጠ መ ሐ ጨ ሠ› ነው። ቃል ከሆነ ሰው ሁሉ በልቡ ነው የሚያነበው፤ ፊደሉን አያየውም። ስለዚህ ነው የማይገናኝ የደረደርኩት።»

«እኔ ደግሞ ‹ጨ›ን ‹ጠ› ብዬዋለሁ» አለች አበልጄ ዕንባዋን እየጠረገች። «ጎኑ ተጣብቋል፤ ክፈቺው።»

ህሊና ሮጣ ወደ ውስጥ ገባች፤ ፍቅርተማርያም ተከተለቻት። እኔ መንገዱ ላይ ቀረሁ። የኔ ስህተት ሳቅ ነው ያመጣው፤ የሷ ስህተት ግን ፊደል ያስተካክላል። ይህን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

በዚያ መሐል ያላለቀው ፊደል ከተማው ውስጥ መታየት ጀመረ። መጀመሪያ ባጃጅ ጀርባ ላይ፣ ከዚያ ዶሮ መሸጫ ላይ፣ ከዚያ አንድ ጸጉር ቤት መስታወት ላይ፣ ተለጥጦ፣ ዓይኑ ተደፍኖ። ባየሁት ቁጥር ድንጋይ አንስቼ ልወረውርበት ይቃጣኛል፤ የሰው መስታወት ሰብሬ ልታሠር እችላለሁ ብዬ እተወዋለሁ። ለህሊና «አየሁ» አልላትም። እሷም አይታለች፤ ዶሮ መሸጫው ደጅ ስትደርስ መንገድ ትቀይራለች። ሌት ተቀን የምትለፋው መጽሔቱ «ይሄማ ዶሮ መሸጫ ላይ ያለው ነው» ብሎ እንዳይመልሰው ነበር።

ፊደሉ ያለቀ ዕለት አመሻሽ ላይ ህሊና ወንበሯን ገፋ አድርጋ «ላክሁት» አለች። እንደዚያ ብቻ። ኔትወርኩ ይቆረጣል፣ ይመለሳል፣ ይጠፋል ብዬ ቆሜ ስጠብቅ ስልኳ ጮኸ። የመጽሔቱ ሰዎች ናቸው። ደርሷል፤ የሚቀጥለው እትም ላይ ይወጣል።

ሁለቱ ተቃቀፉ። እኔም ሄጄ ከመሐል ገባሁ።

ህሊና ሌላ ፍላሽ አውጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። «ነገ ጠዋት ይህን ለዘርአ ዳዊት ስጪልኝ። ያለቀው ነው። ያኛውን አጥፍቶ ይሄን ይጫን በይው።»

«በነጻ?» አለች ፍቅርተማርያም።

«መዞሩ ካልቀረ ደህናው ይዙር። እማዬ ትንገረው፤ እሷን ይፈራታል።»

ፍላሹን ጡቴ ሥር ሸጎጥኩት። እንዳይጠፋ፣ እንዳይረጥብ፣ እንዳይሰረቅ። ፍቅርተማርያም ገመዶቹን እየጠቀለለች እንደ ዘበት «እንግዲህ ሥራውም አለቀ። ክፍሏን ግን አላከራየኋትም፤ አልጋዋም እንደተነጠፈች ናት» አለች።

እንግዲህ የፈራሁት መጣ። ኮምፒውተሩ ይሄዳል፣ ልጄም ትከተለዋለች። ሻንጣዋን የት አስቀምጫት ነበር?

«እማ» አለች ህሊና፤ አሁን ማንን እንደሆነ ግልጽ ነበር። «ለሥራ ጠዋት ጠዋት እመጣልሻለሁ፣ እንደ ድሮው። አልጋ ግን አለኝ። እዚህ ነው የምተኛው። ያን ቀን ዝም ያልኩት አንቺን ላለማስቀየም ነው።»

ፍቅርተማርያም ገመዱን መጠቅለሏን አላቆመችም። «እሺ ልጄ» አለች። ፊቷን አላየሁትም፤ ላየውም አልፈለግኩም። ደስ ብሎኛል። ለዛሬ ነው ግን። የዛሬ ዓመት ምን እንደምትል ማን ያውቃል? አዲስ አበባም አለ።

ለእሱባለው ደወልንለት። «እትዬ፣ እኔ እኮ ባጃጄን አስገብቼ ተኝቻለሁ፤ በዚህ ሰዓት ማን ይንቀሳቀሳል?» አለ። ውጭው ጨልሟል፤ ብርዱ ጣት ይቆርጣል። አበልጄን ከነኮምፒውተሯ በእግሯ መስደድ አይቻልም፤ ወድቃ እግሯ ቢሰበር ህሊና ልታስታምማት እዚያው ልትከርም ነው።

«እኔ ጋ ታድራለች» አለች ህሊና፣ ትራሷን እያራገፈች። «አልጋዬ ይበቃናል።»

«አይበቃችሁም» አልኩ። «ከኔ ጋ ነው የምታድረው።»

«ኧረ አበልጄ፣ አላስቸግርሽ፤ እኔ ከልጃችን ጋ...»

«ከኔ ጋ። የኔ አልጋ ሰፊ ነው።»

ሁለቱ ተያዩ። ህሊና ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች። ፍቅርተማርያም ጫማዋን አውልቃ ወደ መኝታዬ ገባች። «በግድግዳው በኩል ነው የምተኛው፣ እሺ? እኔ እንደሆንኩ እንቅልፌ ውስጥ እራገጣለሁ።»

«እኔም እራገጣለሁ» አልኳት።

አዲስ ባና ከሱቅ ካመጣሁት አውጥቼ አለበስኳት፤ ለህሊና ደግሞ ሁለት ደረብኩላት። ከዚያ ወደ በሩ ሄድኩ። ቤቱ ውስጥ ኮምፒውተር አለ፣ ሌባ ሰምቶ ይሆናል። ነገ ጎህ ሲቀድ ደግሞ አንዷ ሌላዋን ቀስቅሳ፣ እኔ ተኝቼ እያለሁ ተያይዘው እንዳይወጡ እፈራለሁ። የብረቱን በር ገፍቼ ገጠምኩት፤ መቀርቀሪያውን ወረወርኩ፤ ቁልፉን አዙሬ ነቀልኩና በእጄ ጨበጥኩት።